ኦሪጅናሉ ሊብሬው ነው

በየብስም በውሃም የሚሄድ ባለ ስድስት ጎማ መኪና ለሐረር ሰው ቢያሳዩት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ውሃውስ?» ብሎ ነው። ተንኮል የለበትም። ጀሪካን አሰልፎ የቧንቧ ተራ ሲጠብቅ ያደገ ሰው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ መኪና ሲያይ መኪናውን ትቶ ስለ ውሃው ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

እኔ ይህን ጉድ ያየሁት በአክስቴ ልጅ ስልክ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ኑሮው ቶሮንቶ ነው፤ ከጀጎል ቀጥሎ የሐረር ሰው የሚፈለግበት ሰፈር ማለት ነው። ለሸዋሊድ በዓል መጥቶ፣ የጫት በርጫው ሞቅ ብሎ ሁሉም በየትራሱ ተደግፎ ዝም ባለበት ሰዓት ስልኩን አወጣና ፎቶ ማዞር ጀመረ። የልጆቹ ፎቶ መስሎን «ማሻአላህ» ልንል አፋችንን አዘጋጅተን ነበር። ብቅ ያለው ግን አንድ ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ጎረቤቱ፣ የተበታተነ ሞተርና ስድስት ያበጡ ጎማዎች ናቸው። «ማሻአላህ» ማለቱ ግን አልቀረም፤ የተዘጋጀ ቃል ወደ ኋላ አይመለስም።

መኪናው መሪ የለውም። በመሪ ፋንታ ሁለት ዘንግ አለው፤ የግራውን ሲስቡት የግራ ጎማዎች ይያዛሉ፣ የቀኞቹ መሄዳቸውን ይቀጥላሉ፣ መኪናውም እንደ ታንክ ባለበት ይዞራል። አካሉ ፕላስቲክ ነው። ወንዝ ሲያጋጥመው ቆሞ ድልድይ አይፈልግም፤ ይገባል፤ ጎማው ራሱ ውሃውን እየቀዘፈ ያሻግረዋል። የዘሩ ታላቅ ጂገር የሚባለው ነው፤ እዚያው ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ። አምፊካት የሚባል ተከተለው። ከ1967 ጀምሮ ደግሞ ኦንታርዮ ውስጥ አርጎ የተባለው ይሠራል፤ እሱ እስካሁንም አልቆመም። አገሩ ሐይቅና ረግረግ ስለሆነ አዳኙም ዓሣ አጥማጁም የሚፈልገው ዕቃ ነው።

የአክስቴ ልጅና ጎረቤቱ ታዲያ ከእነዚህ አሮጌዎች አንዱን ከአንድ ጎተራ ጓሮ አንስተው፣ በየቅዳሜው ብሎን በብሎን እየፈቱ ፋብሪካ ሲወጣ እንደነበረው ለማድረግ ዓመታት ፈጅተዋል። ቀለሙ የዚያን ጊዜ ቀለም፣ ወንበሩ የዚያን ጊዜ ወንበር፣ የሞተሩ ላይ ተለጣፊ ጽሑፍ ሳይቀር የዚያን ጊዜ ጽሑፍ።

«እና አሁን ውሃ ውስጥ ትገቡበታላችሁ?» አለ አንዱ ከጥግ።

«ውሃ ውስጥ? እንዴ! ይበላሻል እኮ!»

በርጫ ቤት ሳቅ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ከተነሳ ግን ቶሎ አይተኛም።

ለነገሩ ሐረር ሐይቅ አጥታ የኖረች ከተማ አይደለችም። ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ ሐሮማያ ነበር፤ አንድ ደፋር በጃንሆይ ጊዜ ይህን መኪና አስመጥቶ ቢሆን ከአወዳይ እስከ ሐሮማያ ያለው ሕዝብ ሥራ ፈትቶ ዳር ዳሩን ቆሞ ያየው ነበር። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በእኛው አቆጣጠር በ1990ዎቹ ሐይቁ ደረቀ። ሐረር ጠጣችው፣ የጫቱና የድንቹ ማሳ ጠጣው፣ ከኮረብታው የወረደው ደለል የቀረውን ሞላው። ሰው ጀልባ በነበረበት ላይ ከብት አሰማራ። መኪናው ሳይበላሽ ሐይቁ ይበላሽበት ነበር ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ፣ ተራራው ላይ እርከን ተሠርቶ፣ ዛፍ ተተክሎ፣ ዝናቡም ረድቶ ሐይቁ ተመለሰ። ስለዚህ የምሥራቅ ሐረርጌ ገበሬ ሐይቅ አድሶ አሳይቷል፤ የቀረው መኪናው ነው።

ሐይቁ በሌለበት ጊዜ የሐረር ውሃ ከድሬዳዋ ወገን ካሉ ጉድጓዶች ተስቦ፣ ደንገጎን ሽቅብ ወጥቶ እንዲመጣ ተደረገ። ደንገጎን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከድሬዳዋ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ከቆላ ወደ ደጋ የሚያወጣ ዳገት ነው። ውሃ እንኳን በፓምፕ ተገፍቶ የሚያቃስትበትን ያን ዳገት፣ ሰባት ሰው፣ ሁለት ጆንያና አንድ ፍየል ጭኖ በራሱ ጉልበት ሲወጣ የኖረው ሌላ ፍጥረት ነው። ወሬዬም ስለ እሱ፣ ስለ ፔጆ ነው።

ፔጆ ስል እኔ የማውቀው ፔጆ አንድ ብቻ ነው፦ 404። ሐረርን የረገጠ ሰው ከጅቡ ቀጥሎ የሚያስታውሰው ይህን ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ነው። የተወለደው ግንቦት 1952 ዓ.ም. ነው፤ ከእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የታኅሣሥ ግርግር ሰባት ወር ቀደም ብሎ። ቅርጹን የነደፈው የጣልያኑ ፒኒንፋሪና ነው፤ ከኋላው ያሉት ሁለት ሹል ክንፎችም የእሱ እጅ ናቸው። ሞተሩ 1,618 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ 45 ዲግሪ ወደ ጎን ጋደም ተደርጎ ነው የተገጠመው። መሐንዲሶቹ ይህን ያደረጉት ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ነው ይባላል። እኔ ግን በርጫ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጋደም ብሎ መምጣቱ ሐረርን አስቦ ነው እላለሁ፤ እዚህ ሲደርስ ሁሉም ጋደም ብሏል፣ ማን ምን ብሎ ይቆማል?

ማርሹ መሪው ሥር ስለሆነ ወለሉ ባዶ ነው። ስለዚህ ከፊት ያለው ሶፋ መሳይ ወንበር በፈረንሳይ ሒሳብ ሦስት ሰው ይይዛል፤ በሐረር ሒሳብ ያንኑ ሦስትና ሕፃን የታቀፈች እናት። አዲስ ሆኖ የካርብሬተሩ ዓይነት 72 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ዛሬ ፈረስ መጋላ ገበያ ላይ መኪኖቹ ተደርድረው ሳያቸው ከሰባ ሁለቱ ፈረሶች ስንቱ በሕይወት እንዳለ አስባለሁ። አንድ ሾፌር ጠይቄው «አቦ፣ ያሉት ጥቂት ናቸው፣ ግን የተስማሙ ናቸው» አለኝ።

የዚህ መኪና ጉልበት ወሬ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1963 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የመኪና ውድድር ላይ 84 መኪና ተነስቶ ዝናቡና ጭቃው በልቶት እስከ መጨረሻው የደረሰው 7 ብቻ ነው። አንደኛ የወጣው ኒክ ኖዊኪ የነዳው ፔጆ 404 ነበር። በ1966ና በ1967 ደግሞ በርት ሻንክላንድ በዚሁ መኪና አሸነፈ። በ1968 እንደገና ጭቃ ሆነ፣ እንደገና የጨረሰው 7 መኪና ብቻ ሆነ፣ እንደገናም ኖዊኪ በ404 ቀደመ። ኬንያ ጭቃ ውስጥ የተፈተነውን የሐረር ኮብልስቶን ምን ያደርገዋል?

ፈረንሳዮቹ ሴዳኑን መሥራት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ደርግ ትርፍ ቤት በወረሰበት ዓመት። ከዚያ ደርግ ራሱ ወደቀ፣ ክልል መጣ፣ የቀበሌው ስም ተቀየረ፣ የገንዘቡ መልክ ተቀየረ። 404 ግን ፈረስ መጋላ ላይ ሰው እየጠራ ነው። የፈረንሳይ ዕቃ በጅቡቲ ገብቶ በባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ መውረዱ የቆየ ልማድ ስለሆነ ምሥራቁ ፔጆ ለመደ። ከለመደ በኋላ ደግሞ መኪና መቀየር እንኳን ለታክሲ ነጂ ለሐኪምም ከባድ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ብዙ ዘመን ያገለገለ መኪና ለሚያስመጣ ሰው እስከ 500 በመቶ ደነገገ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ አውቶሞቢል ጨርሶ እንዳይገባ መባሉን ሰማን። ሃቫና ከተማ የአሜሪካን አሮጌ መኪኖች ያኖረው የአሜሪካን ማዕቀብ ነው ይላሉ። እኛ ማዕቀብ አላስፈለገንም፤ በራሳችን እጅ ጨረስነው።

የአክስቴ ልጅ እንግዲህ ስልኩን ኪሱ ከተተና ሐሳቡን አወጣ። አላህ ይማራቸውና አጎታችን ትተውት የሄዱትን ታክሲ ፔጆ ማደስ ይፈልጋል። «ሪስቶር» ነው ያለው። ወጪው በእሱ። መኪናው ቆንጆ ይሆናል፣ ሐረር ስሟ ይጠራል፣ የአጎታችን ስም ይነሳል። ሁላችንም «ጀዛከላህ» አልን። የአጎቴ ባለቤት ብቻ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው «ስንት ቀን ይቆማል?» አሉ። መልስ የሰጣቸው ሰው አልነበረም።

ጋራዡ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ነው። ጋራዥ ማለት እዚህ አንድ የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ የግራር ጥላ፣ ሦስት ሬሳ ፔጆና አንድ መካኒክ ነው። ሬሳዎቹ የሞቱ አይደሉም፤ ደም ለጋሾች ናቸው። አንዱ በር ይሰጣል፣ አንዱ ጥርስ ይሰጣል፣ ሦስተኛው ምንም የሚሰጠው ስላልቀረ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበታል። መካኒኩ ሙያውን የተማሩት ድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ፣ ፈረንሳይኛ ከሚናገሩ ሰዎች እግር ሥር ነው። እስከ ዛሬም ብሎን ሲቆጥሩ በፈረንሳይኛ ነው፤ ሲናደዱ ግን በኦሮምኛ፤ ሒሳብ ሲጠይቁ በአማርኛ፤ ከአላህ ጋር ሲነጋገሩ በዐረብኛ።

«ጋሼ፣ ኦሪጅናሉን እንመልስለት» አለ የአክስቴ ልጅ።

«የቱን ኦሪጅናል?»

«ፋብሪካ ሲወጣ እንደነበረው።»

መካኒኩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መኪናውን አዩት። «ልጄ፣ ፋብሪካ ሲወጣ ደንገጎን አይቶ አያውቅም።»

ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው የመኪናውን የሕይወት ታሪክ ተረኩልን። ካርብሬተሩ የቶዮታ ነው፤ ገጣጥሞ ለማስቀመጥ ድሬዳዋ ቶርኖ ቤት ማያያዣ አስቆርጠውለታል። ራድያተሩ የአንድ የእርዳታ ድርጅት መኪና ነበር። ሞተሪኖው ከአንድ ሚኒባስ፣ ባትሪው ከባጃጅ ሰፋ ካለ ነገር። የማቀዝቀዣው ነፋሻ ፈረንሳዮች ሲሠሩት ብልህ ነበር፤ ሁልጊዜ አይዞርም፣ ሞተሩ ሲግል ብቻ ኤሌክትሮማግኔት ይይዘውና ይዞራል፤ እንዲህ ነዳጅም ይቆጥባል። መካኒካችን ግን ብልህነቱን አልወደዱለትም። በሦስት ብሎን አስረውታል፤ ሁልጊዜ ይዞራል። «ዳገት ላይ ላስብበት የሚል ነፋሻ አልፈልግም» አሉ። ወደ ኋላ ጎማ ጉልበት የሚያደርሰው፣ እንደ ብሎን የተጠማዘዘው የዲፈረንሻል ጥርስ ብቻ የፈረንሳይ ነው፤ እሱም ግን የዚህ መኪና አይደለም፣ የዶሮዎቹ ነው።

የአክስቴ ልጅ ማስታወሻ ይዞ ነበር። መጻፉን አቆመ።

«ታዲያ ኦሪጅናል የሆነው ምኑ ነው?»

መካኒኩ ብዙ አሰቡ። «ሊብሬው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሕሊናቸው አላስችል ብሏቸው፣ «እሱንም አይጥ በልታው ከመንገድ ትራንስፖርት ምትክ ወጥቶለታል» ብለው ጨመሩ።

እኔ እዚያ ቦታ ላይ የአክስቴን ልጅ ሳየው አዘንኩለት። የመጣበት አገር ሰው መኪና የሚያድሰው መኪናው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው። መጀመሪያ ይጣላል፣ ይረሳል፣ ዝገት ይበላዋል፣ ከዚያ ናፍቆት የያዘው ሰው ያገኘዋል፣ ያጥበዋል፣ ይሸፍነዋል። እዚህ ግን መኪናው ለመረሳት ጊዜ አላገኘም። ሰኞ የተሰበረውን ሰኞ ማታ ይጠግኑታል፣ ማክሰኞ ጠዋት ወደ አፎቻ ማኅበራቸው የሚሄዱ ሴቶች አሉበትና። ያልተቋረጠን ነገር ወዴት ትመልሰዋለህ? ወደ የትኛው ቀን? የአጎቴ ፔጆ በጃንሆይ ጊዜ አንድ መኪና ነበር፣ በደርግ ጊዜ ሌላ፣ አሁን ሌላ። ሁሉም ግን ቤቱን አብልቷል፤ እኔ ለየትኛው እንደማዳላ አላውቅም።

እድሳት የሚገባቸው ነገሮች በሐረር አሉ፤ አልክድም። ግንቡ አለ፤ በአሚር ኑር ዘመን ተገነባ የሚባለውና ዩኔስኮ ሐምሌ 1998 ዓ.ም. የመዘገበው። በነገራችን ላይ አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ሸዋ በርም ቡዳ በርም ሰንጋ በርም ኤረር በርም ፈላና በርም፣ ለአህያና ለግመል የተበጁ ናቸው። መኪና ሲመጣ ስድስተኛ በር፣ ሐረር በር ተከፈተለት። እንግዲህ ጀጎልን የሚያህል ግንብ ለአውቶሞቢል ብሎ ተቀዷል፤ ለአውቶሞቢሉ ግን እስከ ዛሬ የቅርስ ሰሌዳ የለጠፈለት የለም። የራምቦ ቤት ደግሞ አለ። ያ ውብ የእንጨት ቤት በአንድ የሕንድ ነጋዴ የተሠራ ነው፤ ገጣሚው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1891 ሲሞት ገና አልቆመም ነበር ይላሉ አዋቂዎቹ። ሰውየው ላልኖረበት ቤት ሙዚየም ተሰጠው። ሦስት ትውልድ ለኖረበት ፔጆ ግን የሚሰጠው የቦሎ ጊዜ ሲደርስ ወቀሳ ነው። ቅሬታ አይደለም፤ ሙዚየም ቢሰጠው ማን ያደርሰን ነበር?

ቀለሙ ላይ ሌላ ክርክር ተነሳ። የአክስቴ ልጅ ፈረንሳይ ሲወጣ የነበረውን ቀለም ለማግኘት አንዱን በር በብርጭቆ ወረቀት ይፍቅ ጀመር። ሐረር ውስጥ ቀለም አይፋቅም። ሴቶች ለሮመዳንም ለሠርግም ቤት ሲቀቡ በአሮጌው ላይ አዲሱን ይደርባሉ፤ አጎቴም መኪናቸውን የቀቡት በዚያው ሕግ ነው። ሰማያዊው ሲለቅ ሌላ ሰማያዊ ወጣ፤ ከሥሩ ነጭ፣ ከነጩ ሥር ቢጫ መሳይ፣ ከዚያ ጣት የሚያህል ስቱኮ። የአክስቴ ልጅ ደስ አለው፤ ቁፋሮ ላይ እንዳለ ሰው መዘርዘር ጀመረ፣ ይህ የኢሕአዴግ ነው፣ ይህ የደርግ ነው፣ አለ። ስቱኮውን ሲያነሳ የተገኘው የጃንሆይ ዘመን ሳይሆን የምግብ ዘይት ቆርቆሮ ነው። ጽሑፉ እንኳን አልጠፋም፤ ኮሌስትሮል የለውም ይላል። በሩ አንድ ጊዜ በግመል ተገፍቶ ተቀዶ ነበር፤ ባትላሜራው በጊዜው ያገኘውን ለጥፎበታል።

«ተወው» አሉ መካኒኩ። «ከፋቅከው በር አይኖርም።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ሾፌሩ ከግራሩ ሥር ተቀምጦ ጫቱን ይቀነጥሳል። መኪናው ሲቆም እሱም ቆሟል። በየመሃሉ ወደ አስፋልቱ ያይና ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ምላሱን ያጮሃል። «በሦስት ጎማ ገበያችንን ወሰዱት» ይላል። ባጃጅ ትንሽ ቤንዚን ይጠጣል፣ የትም ይታጠፋል፣ መለዋወጫው በየሱቁ ነው። አሁን አሁን ወጣቱ የሚሳፈረው እሱን ነው፤ ለፔጆ የቀሩት ጓዝ ያላቸው፣ ዕድሜ ያላቸውና ጉልበታቸውን አጥፈው መቀመጥ የማይችሉ ሰዎች ናቸው። የአክስቴ ልጅ ነገሩ ገብቶት ሊያጽናናው ፈለገና የባለ ስድስት ጎማውን ፎቶ አሳየው። ሾፌሩ አተኩሮ አየው። «ስንት ሰው ይጭናል?» «ሁለት፣ ሲበዛ አራት።» ስልኩን መለሰለት። «ስድስት ጎማ ለሁለት ሰው፣ ሦስት ጎማ ለስድስት ሰው። ዓለም እንዲህ ከሆነች እኔ ዝም ልበል።»

ቢሆንም የካናዳ ሰው ተስፋ አይቆርጥም። የአክስቴ ልጅ ከፈረንሳይ አንድ ያልተነካ የ404 ካርብሬተር አገኘ። ሶሌክስ፣ ከነሣጥኑ። የሚመጣ ሰው ተፈልጎ፣ ሻንጣ ውስጥ ከሽቶና ከሕፃን ልብስ ጋር ተጠቅልሎ፣ ሐረር ገባ። ጋራዡ ውስጥ ሣጥኑ ሲከፈት ሰው ተሰበሰበ። ሌሎች ሾፌሮች መጥተው በጣታቸው ነኩት። አንድ ሽማግሌ «ወጣትነቴን አየሁት» አሉ። መካኒኩ እንኳን እጃቸውን ታጥበው ነው የያዙት።

አልገጠመም።

ሞተሩ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ለቶዮታው ተብሎ ሰፍቷል፤ የብሎኖቹ ቀዳዳ ተዛውሯል። መካኒኩ አንድ ጊዜ ካርብሬተሩን አዩ፣ አንድ ጊዜ ሞተሩን አዩ፣ ከዚያ ሞረድ አነሱ። የአክስቴ ልጅ ሞተሩን ሊሞርዱ መስሎት ዝም አለ። ሞረዱ ያረፈው ግን አዲሱ ካርብሬተር ላይ ነው።

«ጋሼ! ኦሪጅናሉን?!»

«እንግዳው እሱ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ባለቤቱን አፍርሼ እንግዳ አላስገባም። እንግዳ ቤቱን ይለምዳል።»

ሞረዱት፣ በሱት፣ ከአሮጌ ካላማዳርያ ጓርኒሲዮን ቆርጠው ከሥሩ አነጠፉ፣ አሰሩት። ቤንዚን ጎማ እንደሚበላ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ። «እስኪበላው ይሠራል፣ ሲበላው ሌላ አለ» አሉ። ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ ጠራ ያለ ነበር፤ ከፊሉ ሰው «አላሁ አክበር» አለ፣ ከፊሉ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። የአክስቴ ልጅ ግን ጥቂት የብረት ብናኝ ከመሬት ላይ ለቅሞ መዳፉ ላይ ያየው ነበር።

ያን ዕለት ማታ የአጎቴ ባለቤት አስጠሩን። ሆጃ ቀረበ፣ ሙሸበክ ቀረበ። ነገር ሊመጣ ነው ማለት ነው፤ ለደግ ወሬ ሙሸበክ አይወጣም። የዕቁቡ ቀን ቅዳሜ መሆኑን ነገሩን። ዕቁቡን የሚጥለው መኪናው እንደሆነ ነገሩን። መኪናው ደግሞ ጋራዥ ገብቶ እያማረበት እንደሆነ መስማታቸውን፣ እሳቸው ግን ለማማር የሚከፈል ዕቁብ አለመኖሩን ነገሩን። የአክስቴ ልጅ የቆመበትን ቀን ሁሉ እከፍላለሁ አለ። «አንተስ ትከፍላለህ» አሉ፤ «አንተ ስትሄድ የሚለምደው ሾፌሩ ነው፤ ቁጭ ማለትን።»

በነጋታው መኪናው ወጣ። ከአራቱ በሮች አንዱ የተፋቀ ነው፤ የዘይቱ ጽሑፍ ይታያል። የጎማዎቹ ክዳን የሚያብለጨልጭ ነው፤ ከካናዳ የመጣ። የመስታወት ማንሻ እጀታ እንደ ጥንቱ ለአራቱ በር አንድ ብቻ ነው፤ ሙቀት የተሰማው ተሳፋሪ «እስቲ እጀታውን አቀብሉኝ» ይላል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። ወንበሩን ማኪና ግርግር ያሉ ልብስ ሰፊዎች አልብሰውታል። የአክስቴ ልጅ ግራጫ የፈረንሳይ ጨርቅ ነበር የፈለገው፤ የአጎቴ ባለቤት ወይን ጠጅ ከፈይ ባለ ወርቅ ዘርፍ መርጠው ጨርሰው ነበር።

የመጀመሪያውን ጉዞ አብረን ሄድን። ሐረር በር ገብተን ወደ ፈረስ መጋላ ስንወጣ ከኋላ ሁለት አዴዎች ከነጫት ቅርጫታቸው፣ አንድ ተማሪ፣ አንድ ዶሮ የያዘ ሰውዬ፤ ከፊት ሾፌሩ፣ የአክስቴ ልጅና እኔ። ገበያው መሃል አንድ አህያ መንገድ ላይ ቆመ፣ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፣ ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው አንዴ «ጭ» ብሎ ዝም አለ። ድሮ ቢሆን 404 ከፊቱ ማኖቬላ የሚገባበት ቀዳዳ አለው፤ አንድ ጎረምሳ ያዞርና ያስነሳዋል። የእኛው ቀዳዳ ግን ለውበት ሲባል በስቱኮ ተደፍኗል። ማን እንዳስደፈነው መናገር አያስፈልግም፤ ራሱ በሩን ከፍቶ ወርዷል።

ተማሪው ወረደ። ዶሮ ያዡ ዶሮውን ለእኔ ሰጥቶ ወረደ። እኔ ዶሮ ስለያዝኩ ቀረሁ። ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ ለአዴዎቹ፣ «እናቶቼ፣ ትንሽ ብትወርዱለት ይቀለዋል» አለ በትሕትና።

አንደኛዋ አዴ ቅርጫታቸውን ጠበቅ አድርገው አዲሱ ከፈይ ላይ ተደላደሉ። «የከፈልኩት ለመቀመጥ ነው» አሉ። ከዚያ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ ነጭ ጫማውን ከአህያው ፋንድያ እያሸሸ የኋላውን ክንፍ የያዘውን የአክስቴን ልጅ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይሄ የማነው ልጅ? ደህና ጉልበት አለው። በርታ አቦ፣ ዳገቱ ገና ነው!»